ድንቢጧና የባሕር ኤሊዋ

ሰኞ

ጎጆውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ምን ብዬ እክዳለሁ? ኦማን ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሲያጸዳ የኖረ እጅ ጣሪያ ሥር ቆሻሻ ካየ አያርፍም። በረንዳውን ስጠርግ መጥረጊያውን ወደ ላይ ሰደድኩት፤ ሣርና ላባ ወረደ፣ ሦስት ትንንሽ እንቁላልም ተሰበረ። ለካ ልጄ ሀያት ለትምህርት ቤት የምትከታተላት ድንቢጥ ቤት ኖሯል። ክፍላቸው ሁለት እንስሳት አወዳድራችሁ ጻፉ ተብለዋል።

"ዘምዘም፣ ማን ንኪ አለሽ?" አለችኝ። በስሜ ነው የምትጠራኝ፤ እማ የምትለው ያሳደገቻትን እናቴን ነው። ከመጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ።

ማክሰኞ

አላናገረችኝም። ድንቢጧ ቆርቆሮው ላይ እየተመላለሰች ስትጮህ ዋለች። እኔም ከጓዳ ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ። መካነ ሰላም ገበያ ወጣሁ፣ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ። የታጠበ ልብስ ደግሜ አጠብኩ። እናቴ "ተቀመጪ እንጂ፣ ምን ያንቆራጥጥሻል?" አለችኝ።

ረቡዕ

ለመታረቅ ብዬ ስለ ባሕር ኤሊ አወራኋት። አሠሪዎቼ ባሕሩ ዳር ወስደውኝ ያየኋትን፦ ከትልቅ ሰፌድ የምትበልጥ፣ አሸዋ ቆፍራ እንቁላሏን ጥላ፣ አልብሳ ወደ ውኃው የሄደች።

"ተመልሳ አላየቻቸውም?"

"አላየቻቸውም። ግን ኤሊ ሩቅ ብትሄድም ወደ ተወለደችበት ትመለሳለች አሉ።"

"ድንቢጥ ትታቀፋለች" ብላ መጻፍ ጀመረች።

አፌን በቆረጠው። ስንት እንስሳ ሞልቶ ኤሊን ምን አስነሳኝ?

ሐሙስ

ደብተሯን ላነብ የሀያትን ቦርሳ ሁለቴ ነካሁ፣ ሁለቴ ተውኩት። ለእናቴ ብነግራት "ልጅቱ ስለ ኤሊ ጻፈች፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?" ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ጥላኝ ሄዳለች ብላ ጽፋ ክፍሉ ሁሉ ቢሰማስ? እሱስ ይሁን፤ እሷ ራሷ እንደዚያ ካመነች ምን ይውጠኛል?

ዓርብ

ጠዋት ደብተሩን ራሷ ዘርግታ ሰጠችኝ።

"ድንቢጥ ጥቂት እንቁላል ትጥላለች፣ ትታቀፋለች፣ ትመግባለች። የባሕር ኤሊ ብዙ ትጥላለች፣ አትመግብም። ልጆቿ ባሕሩን ብቻቸውን ያገኙታል። ኤሊ ወደ ተወለደችበት አሸዋ ትመለሳለች። የምትመለሰው ግን ልጆቿን ፍለጋ አይደለም።"

የመጨረሻውን ሦስቴ አነበብኩት።

"ተሳሳትኩ?" አለች ፊቴን አይታ።

"አልተሳሳትሽም። ኤሊ እንደዚያ ናት። እኔ ግን የመጣሁት አንቺን ፍለጋ ነው።"

እስክሪብቶ አቀበለችኝና ከገጹ ግርጌ "የወላጅ ፊርማ" የሚለውን በጣቷ አሳየችኝ። እስከ ዛሬ እዚያ ላይ የምታትመው እናቴ ነበረች፣ በአውራ ጣቷ።

"ቶሎ በይ ዘምዘም፣ ረፈደብኝ" አለችኝ።

ፈረምኩ።