አይዞዎት ያልኳቸው ሰውዬ

ጥቅምት 4
የሥልጠናው መጨረሻ። ነርስ ከበሽተኛ ጋር እንዴት ይነጋገር በሚል ሦስት ቀን ሙሉ ወንበር ላይ... ወገቤ ተቆረጠ። ዛሬ አሰልጣኟ ነርስ ሁኚ አለችኝ፣ ባልደረባዬን በሽተኛ አደረገችው። እሱ ደግሞ ማቃሰት ሲያውቅበት! በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስንቴ «አይዞህ» እንዳልኩ ቆጠረችብኝ። አሥራ አንድ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ከእንግዲህ ስሜ «ሲስተር አይዞን» ነው አሉ።

«ሰው የጨነቀውን ሊነግርሽ አፉን ሲከፍት፣ አንቺ አይዞህ ብለሽ ትዘጊዋለሽ» አለችኝ አሰልጣኟ።

ተናደድኩ። ታዲያ ምን ልበለው? አልቆልሃል ልበለው? አይዞህ እኮ ከእናቴ ቤት ይዤው የወጣሁት ቃል ነው። የምስክር ወረቀቴን ተቀብዬ ወደ ቤቴ።

ጥቅምት 8
ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ አዲስ ሰው ገቡ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ገና ከመተኛታቸው ጋዋኔን አይተው «ይሄን ማን ሰፋው? ትከሻው ተንጋዷል» አሉኝ። ወደድኳቸው።

ውጤታቸውን አየሁ። ጉበታቸው አልቋል... ሐኪሙ ለዘመድ ልንገር ቢል ጠያቂ የላቸውም።

ጥቅምት 9
ግሉኮስ ስቀይርላቸው እጄን ያዙኝ። በሌላው እጃቸው ስልክ ቁጥር ያለባት ቁራጭ ወረቀት። የታላቅ ወንድማቸው ነው። በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። ጥፋቱ የኔ ነው አሉ፣ ሳልጠይቃቸው።

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ከዚህ እወጣለሁ?»

«አይዞዎት አባባ፣ በሳምንቱ ቤትዎ ነዎት።»

እንደ ማስነጠስ ነው ያመለጠኝ።

ፊታቸው በራ። ወረቀቷን አጥፈው ትራሳቸው ሥር ከተቷት። «እንግዲያው አትደውዪለት። በእግሬ ሄጄ ነው ይቅር በለኝ የምለው። ተኝቼ ባስጠራው ሞት ፈርቶ ነው ይለኛል።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው። አሁኑኑ መደወል ነበረባቸው እኮ... ነገ ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ።

ጥቅምት 10
አልነገርኳቸውም። ማበጠሪያ ፈልጊልኝ አሉ። ለጎረቤት አልጋ «የዛሬ ሳምንት የለሁም» እያሉ ይጎርራሉ። ከየት ልጀምር? የሥልጠናውን ደብተር ገለጥኩ። «በመጀመሪያ በሽተኛው የሚያውቀውን ጠይቁ» ይላል። በጣም ጥሩ። እሳቸው የሚያውቁት እኔ የነገርኳቸውን ነው!

ጥቅምት 11
ዛሬም አልነገርኩም። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

ጥቅምት 12
ጠዋት ስገባ አንደበታቸው ተዘግቷል። ዓይናቸው ብቻ ይንከራተታል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለወንድምዎ ልደውል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው... ጣቴን ጨበጥ አደረጉ። አዎ ማለታቸው ነው? ወይስ እንዲያው መያዛቸው? አላውቅም። ወረቀቷን ከትራሱ ሥር አውጥቼ ደወልኩ።

ወንድማቸው ብዙ አልጠየቁም። የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ነገ ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ አሉ።

ጥቅምት 13
ረፋዱ ላይ አረፉ።

ወንድማቸው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረሱ። ኮታቸው አቧራ በአቧራ። ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ ስለኔ አንስቶ ነበር ወይ አሉኝ። ስምዎን እየጠሩ ነው ያረፉት ልል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር... ዋጥኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው። የኔንም ሳልደብቅ።

«መቼ ነው አይዞዎት ያልሽው?»

«የዛሬ አራት ቀን።»

ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ።

«አራት ቀን... ሁለቴ ደርሼ እመለስ ነበር።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 20
ሰው ሲያቃስት ስሰማ አይዞህ ልል አፌን ከፍቼ መልሼ እዘጋዋለሁ። ባልደረባዬ «ሲስተር አይዞን» ብሎ ሲጠራኝ ሰደብኩት። ምን ያደረገኝ አለ? ምንም።

ኅዳር 6
አንዲት እናት እድናለሁ ወይ አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ምን እንደነገራቸው ጠየቅኩ። ከሁሉ በላይ ምን እንደሚያስፈራቸው ጠየቅኩ። ቀስ ብዬ፣ ልክ እንደ ደብተሩ። ተስፋው ጠባብ እንደሆነ ስነግራቸው አለቀሱ። እኔም ሳልነሳ አብሬያቸው ቆየሁ። በሕይወቴ በደንብ የሠራሁት ሥራ እሱ ይመስለኛል።

ልጃቸው እያለቀሱ ደረሰባቸው። ቀጥ ብሎ አለቃዬ ቢሮ። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁት።

«አይዞዎት ማለት ምን ይከብዳታል?»

አለቃዬ ጠርታ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልመልስ?

ኅዳር 9
መርፌ ክፍል ተመደብኩ። ለጊዜው ነው ብላኛለች አለቃዬ፣ ዓይኔን ሳታይ። ክንዳቸውን ይሰጡኛል፣ እወጋለሁ፣ ይወጣሉ። ወንበር እንኳ ያለው አንድ ነው፣ ለበሽተኛ።

ዛሬ አንዲት ልጅ እግር ሴት እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ ያማል እንዴ አለችኝ። አዎ አልኳት። ወጋኋትና ቀጣዩን ተረኛ ጠራሁ።