ብርሃን ያጣው የአባባ ሰዓት

ነቀምቴ፣ ኅዳር 18

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀትና የማስተርስ ትምህርቱስ እንዴት ይዘውሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ አንተ በላክኸው ሰዓት የተነሳ ላብድ ምንም አልቀረኝም እንጂ።

ባትሪ አይቀየርለትም፣ የመስኮት ወይ የአምፖል ብርሃን ይበቃዋል ብለህ አልነበር? እስከ ሐምሌ ደህና ሠራ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሦስት ጊዜ ቆመ! በቆመ ቁጥር አባባ የሚቆጡት እኔን ነው። «ልጄ የሞተ ሰዓት ላከልኝ» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራሉ። ኡኬ ከተማ ትምህርት ቤት አርባ ዓመት በደወል ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ሰዓት ሲቆምባቸው እንዴት እንደሚሆኑ ታውቃለህ።

እኔም ሥራዬን ትቼ በባጃጅ ሰዓት ሠሪው ነገራ ጋ እመላለሳለሁ። መስኮቱ ላይ ሁለት ቀን ያስቀምጠዋል፤ ይነሳል። አባባ ያስሩታል፤ ትንሽ ከርሞ የሰከንዱ ቆጣሪ ሁለት ሁለት እየዘለለ እንደገና ቀጥ ይላል። በሦስተኛው ነገራ ራሱ ተሰላቸ። «ሰዓቱ ፈያዳ! ደህና ነው አልኩሽ እኮ። ምንም አላመመውም፤ ብርሃን ነው ያጣው። ለመሆኑ አባትሽ የት ነው የሚያስሩት?» አለኝ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አባባ ከክረምቱ ወዲህ ያንን ወፍራም ካፖርት አያወልቁም፤ በቀትር ፀሐይም፣ ሲተኙም። «ይበርደኛል» ይላሉ። ቤት እንደገባሁ «እጅጌዎን ይሰብስቡ» አልኳቸው። «ለሰዓት ብዬ ልራቆት?» ብለው ጮኹብኝ። ትዕግሥቴ አለቀና ክንዳቸውን ይዤ እጅጌውን ወደ ላይ ገፋሁት።

ወንድም ጋሼ፣ ማሰሪያው ላይ በምስማር የተበሱ አራት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ። በመጨረሻው ቀዳዳ ታስሮም እጃቸው ላይ ይሽከረከራል። ክርናቸው መታጠፊያ ላይ የመርፌ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ዙሪያው ጠቁሯል። ማክሰኞ ማክሰኞ «ከኦቦ ተረፋ ጋር ዳማ ልጫወት» ብለው ነበር የሚወጡት። የድሮ ባልደረባቸውን ኦቦ ተረፋን ሄጄ ጠየቅኳቸው። ከሰኔ ወዲህ አንድም ቀን አልተጫወቱም።

አባባ አስማሉኝ። «ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል። ስለ እኔ አንዲት ቃል እንዳትጽፊለት» አሉ። ማልኩላቸው። ስልክ እንዳልደውልልህ አጠገቤ ሆነው ይሰማሉ። ስለ ሰዓት እንዳልጽፍ ግን አልከለከሉኝም።

አሁን ጠዋት ጠዋት እጅጌያቸውን ሰብስቤ በረንዳ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ይነጫነጩብኛል፤ እኔም አልተኛላቸውም። ሰዓቱ ግን ይሄዳል። ማሰሪያው ማጠር አለበት። እዚህ የሚያሳጥር ሰው ሞልቷል፤ ቢሆንም አንተ ራስህ መጥተህ አሳጥርላቸው። ለገና እመጣለሁ ያልከውን ተወው፤ ገና ሩቅ ነው።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፤ ሁላችንንም በአንድ ቤት ያገናኘን።

የምትናፍቅህ እህትህ