ወንድሜን በክብር ስለፈቱልኝ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ካሌብ፣
የጸዳለ ልቡና በጎ አድራጊ ማኅበር አስተባባሪ፣
መካነ ኢየሱስ።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከሁለት ሰው በቀር ደኅና ነን። የእርስዎን ጤንነት ከቢሮዎ በር ላይ ከተለጠፈው ትልቅ ፎቶግራፍ ስለተረዳሁ በዚህ በኩል ሐሳብ የለብኝም፤ ፊትዎ ሞላ ብሏል፣ ሸሚዝዎም ነጭ ነው። ከአጠገብዎ አንገቱን ደፍቶ የቆመው ሰው ወንድሜ ይሁኔ ነው። ከፎቶው ሥር የእርስዎ ስም ብቻ ስለተጻፈ፣ የእርሱን ረስተውት እንደሆነ ብዬ ነው።

እኔ ሀብቴ እባላለሁ። በአርብ ገበያ ፍርድ ቤት ደጃፍ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመት የሰው በደል ስጽፍ ኖሬ የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ቃል ካበዛሁ ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ማኅበርዎ በአእምሮ ሕሙማን አገልግሎት «ምርጥ ተሞክሮ» ተብሎ መሸለሙን ሰምተን ደስታችን ወሰን ስላጣ፣ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ወንድሜን ከሰንሰለት ስለፈቱልኝ አመሰግናለሁ። እርግጥ ነው፣ እርስዎ በሰኔ ሲመጡ ይሁኔ ከተፈታ አራት ወር አልፎት ነበር። የፈታችው ሀምዲያ ናት፤ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡት የሐጂ ጀሚል ልጅ፣ የማኅበርዎ በጎ ፈቃደኛ። የአእምሮ ሕሙማኑ የወር መርፌ ዓርብ ቀን እንዲሰጥ ያደረገች እርሷ ነበረች፤ ዓርብ አገሩ ሁሉ ገበያ ይወጣልና፣ የቀረ ሕመምተኛ ቢኖር ጎረቤቱን እህል ተራ ላይ ፈልጋ መልእክት ትሰድለታለች። ከጠበሉም ጋር አልተጣላችም። ከአጥማቂው ከአባ ጥላዬ ጋር ተመካክራ፣ እርሳቸውም ወንድሜን «ጠበሉም መርፌውም የእግዜር ነው፤ አንዱንም እንዳትተው» አሉት። እርሱም አልተወም፣ በሬ ጠምዶ ያርስ ጀመር።

እናም እንግዶችዎ በመጡ ቀን ይሁኔን ከእርሻው አስጠሩት፤ ቀጥሎም ሰንሰለቱ ቤት ውስጥ ይኖር እንደሆነ በትሕትና ጠየቁን። ጎተራው ሥር ነበረ። «ለአንድ አፍታ ነው፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ አናሳፍር» ብዬ የለመንሁት እኔ ነኝ፤ በእግሩ ላይ የቆለፍሁትም እኔው ነኝ። እርሱ «አንተ ካልህ ይሁን» አለና እግሩን ሰጠኝ። እርስዎም በክብር ፈቱት፤ ፎቶ አንሺው አልደረሰልኝም ስላለ እንደገና ታሰረ፣ እንደገናም ፈቱት። አንድን ሰው በአንድ ረፋድ ሁለት ጊዜ ነጻ ያወጣ ማኅበር በአገራችን ሌላ መኖሩን አልሰማሁም። ሰንሰለቱንም ከነቁልፉ ለመታሰቢያ ይዘው ሄዱ፤ ዛሬ በቢሮዎ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተወልውሎ ተቀምጧል።

2. ሀምዲያን ስላሰናበቱልን አመሰግናለሁ። ያን ዕለት በእንግዶቹ ፊት «ይህ ሰው እኮ ከተፈታ ቆይቷል» አለች። እንዲህ ያለ ነገር በማኅበርዎ ቅጽ ላይ የሚሞላበት ቦታ እንደሌለው እያወቀች መናገሯ በእውነት ነውር ነው። የስንብት ደብዳቤዋን አምጥታ አሳይታኛለች፤ «የማኅበሩን ገጽታ በማጉደፍ» ይላል። በሙያዬ ብዙ ደብዳቤ አይቻለሁ፣ ይህን የመሰለ ጥሩ እጅ ጽሕፈት ግን አላየሁም።

3. የመርፌውን ቀን ከዓርብ ወደ ማክሰኞ ስላዛወሩልን አመሰግናለሁ። ዓርብ ገበያተኛውና አህያው መንገዱን ስለሚሞላው የልምድ ልውውጥ እንግዶች መኪና ማለፍ ተቸግሮ ነበር፤ መኪናው ከታማሚው እንደሚቀድም ቀድሞ ያልገባን ባለማወቃችን ነው። በመስከረም እናታችን ወይዘሮ ታንጉት ይሁኔን ይዘው የአራት ሰዓት መንገድ በእግራቸው መጡ፤ የመርፌውን ክፍል እንግዶች ይዘውት ስለነበር፣ ሕሙማን እንዴት እንደሚስተናገዱ ትምህርት እየተሰጣቸውም ስለነበር፣ በሚቀጥለው ወር ኑ ተባሉ። በጥቅምት ሲመጡ ሠራተኛው በሙሉ ሩቅ ያለ ሕመምተኛን ስለ መድረስ ሥልጠና ሊወስድ ሄዷል። በኅዳር ይሁኔ ራሱ እምቢ አለ። «ከሄድሁ ለፎቶ ያስሩኛል» አለኝ። ሐኪም ቢሰማው የሕመሙ ምልክት ነው ይል ይሆናል፤ እኔ ግን በሰኔ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ።

4. በመዝገብዎ ላይ በስሙ አንጻር «በራሱ ፈቃድ አገልግሎቱን አቋርጧል» ብለው ስላስጻፉ አመሰግናለሁ። በጎ ፈቃድ ማለት ይህ ከሆነ፣ የወንድሜ ፈቃድ በማኅበርዎ ዘንድ የተከበረው በዚያች መስመር ብቻ ነው።

በታኅሣሥ አውድማ ላይ ሳሉ ይሁኔ እናታችንን በመንሽ መታቸው። ክንዳቸው ተሰበረ። ለምን እንደመታቸው ሲጠየቅ ካሜራ ይዘው መጡብኝ አለ፤ በእጃቸው የነበረው ወንፊት ነው። አሁን ታስሯል። ያሰርሁት እንደ ልማዴ እኔ ነኝ፤ በዚህ የሚያፍር ሰው ካስፈለገ ከእርስዎ በፊት እኔ አለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓርብን ከነሀምዲያ ይመልሱልን። የተሸለሙትን ዋንጫ አንጠይቅም። ይሁኔ መርፌውን ካገኘ ለሚመጣው ክረምት ያርሳል፤ ካላገኘ ደግሞ እንደታሰረ ይከርማል፣ እናታችንም በአንድ እጃቸው ያበሉታል።

የመኪናዎ ጎማ ሳይጎድል፣ የፎቶዎ ቀለም ሳይደበዝዝ፣ እንግዳዎ ሳይቀር፣ የሚፈቱት ሰውም ሳያጡ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ ሀብቴ፣
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ አርብ ገበያ።

ግልባጭ፦
ለሀምዲያ ጀሚል፣ እንድታነብበው።
ለይሁኔ፣ ሲሻለው እንዲያነብበው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቤታችን ውስጥ ሌላ ሰንሰለት ስላልነበረ ይሁኔን ያሰርሁት በቆዳ ጠፍር ነው። ጠፍር ሲደርቅ ይጠብቃል፤ ቁርጭምጭሚቱ ቆስሏል። ስለዚህ ያንን የእኛን ሰንሰለት ከመስታወቱ ሣጥን አውጥተው በማክሰኞው መኪና ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም። ቁልፉን አደራ እንዳይረሱት፤ በፎቶው ላይ በእጅዎ የያዙት እርሱ ነው።