ሹሜ ያፈረሰው ቤት

ይመሬ፣ የልጄ አባት፣ የኔ ሆድ፤

ከተለያየን አራተኛው ክረምት ገባ። ከተማችን ሐይቅ እንደምታውቃት ናት። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከውኃው ላይ ተነሥቶ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል፤ ባጃጆቹ መብራታቸውን አብርተው በጥሩምባ ይጠራራሉ። ልጅህ ትምህርት ቤት ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ትመስላለች። እናትህም እኔው ዘንድ ናት። ባለፈው ጁምዓ ደግሞ ሰደቃህን አወጣን። ይኸው አሁን ለሞተ ሰው እንደሚጻፈው ልጽፍልህ እችላለሁ። እስከ ጁምዓ ድረስ እንኳን ልጽፍልህ፣ በዚህ ቤት ውስጥ አንተን ሟች ያለ ሰው ቢገኝ ዓይኑን ነበር የምጓጉጥለት። ጠባዬን ታውቀው የለ።

ምነው ይህን ያህል አቆየሽኝ ትለኝ እንደሆን፣ ጥፋቱን በድመትህ ላይ እጥለዋለሁ። አትሳቅ። ወላሂ በሱ ነው የቆየኸው፤ በሱና በትንሿ ቤት።

ሹሜን ያመጣኸው ለውጡ የመጣ ሰሞን ነበር። ሐያትን አርግዤ ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ ፊቱ ፈክቶ፣ ሬዲዮኑ ሲያወራ ውሎ ሲያወራ ያመሻል። አንተም የበርና የመስኮት ሥራ ጎርፎልህ፣ ፋጤ አሁንማ አገር ሊሠራ ነው እያልክ እያፏጨህ ነበር የምትውለው። አንድ ቀን ከእንጨት መሸጫው የድመት ግልገል በኮትህ ኪስ ይዘህ ገባህ። ስሙን ማን እንበለው ብልህ፣ ዘንድሮ ያልተሾመ የለ፣ እሱስ ምን አንሶት፣ ሹሜ እንበለው አልክ። እውነትም ሹም ሆነብን። ሳይሠራ ይበላል፣ ከሞቀው ቦታ አይነሣም፣ ቢቆጡት ፊቱን አዙሮ ጭራውን ያሳያል።

ሐያት እግር አውጥታ በየጎረቤቱ መሮጥ ስትጀምር፣ ይቺ ልጅ የራሷ ቤት የላትም እንዴ፣ ልሥራላት እንጂ አልክ። እኔ የካርቶን ነገር መስሎኝ ነበር። አንተ ግን ይሄንኑ የኛን ቤት አሳንሰህ ልትሠራው ተነሣህ። ቋሚው ጭራሮ፣ ማገሩ ስንጥር፣ ግድግዳው ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ፤ ክዳኑ ደግሞ ከዘይት ቆርቆሮ ተቆርጦ እንደ ደንበኛ ቆርቆሮ ሞገድ ሞገድ የተደረገ። በሯ ሳትቀር በማጠፊያ ትከፈታለች። ያን የሚያህል ሰውዬ መሬት ላይ ተንበርክከህ በሁለት ጣትህ ስትመርግ ሳይህ ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው። ሹሜ ደግሞ ለትንሿ ቤት የሠራኸውን አልጋ ሰርቆ ምድጃ ሥር ይደብቃል። ያቦካኸውን ጭቃ ለሱ የተዘጋጀ አፈር መስሎት ይሸናበታል። እኔ መጥረጊያ ሳነሣ አንተ ተይው፣ ጭቃው በሽንቱ ይጠነክራል ትለኛለህ። እንዲህ እየተሳሳቅን አንዲቱን ግድግዳ መርገህ ጨረስክ፤ የአውራ ጣትህ አሻራ መስኮቷ ሥር ደርቆ ቀረ። የቀሩትን ሳትመርጋቸው ጦርነቱ መጣ።

የዚያን ቀን ነገር አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን ሐያት አድጋ ይህን ታነበው ይሆናልና ልጻፈው። ከተማው ተነቅሎ ወደ ደሴ ሲፈስ እኔንና እሷን አንድ አይሱዙ ላይ ጫንከን። እናትህ አርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ መንደሯ ነበረች። እናንተ ሂዱ፣ እማዬን ይዤ እደርሳለሁ፣ አብሽሪ አልከኝ። እናትህ ግን ቀደም ብላ ከጎረቤቶቿ ጋር በተራራው ዞራ ወጥታ ኖሯል። ደሴ ላይ እሷ መጣች፤ አንተ አልመጣህም። እውነቱን ልንገርህ ይመሬ፣ ያን ቀን እናትህ እያለቀሰች ስታቅፈኝ እኔ እጄን አላነሣሁም።

ጦርነቱ ራቅ ሲል ተመለስን። የቤታችን በር ተገንጥሎ ነበር። መጋዝህም፣ መላጊያህም፣ ፍራሹም ሳይቀር ተወስዷል። ትንሿን ቤት ማን ይፈልጋታል፤ ጥግ ላይ እንደ ነበረች ናት። ጎንበስ ብዬ በበሯ ሳይ ሁለት ዓይን አበራብኝ። ያረቢ ብዬ በቂጤ ተቀመጥኩ። ሹሜ ነው፤ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ውስጧ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ያን ሁሉ ጊዜ በዚህ ቤት የቆየ ፍጡር እሱ ብቻ ነው። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ አንተም እኛን ፍለጋ ተመልሰህ መጥተህ እንደሆነ አይቷል። ምን ዋጋ አለው፤ አፍ የለው። አሁንም ድረስ ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ ድንገት ከተኛበት ተነሥቶ በሩ ላይ ያፈጣል። ጭራው ይቆማል። ከዚያ ሰው ገብቶ እንደሚያልፍ ሁሉ ዓይኑን ቀስ እያደረገ አንተ ትቀመጥበት እስከነበረው ቦታ ያስከትላል። እኔም አብሬው አያለሁ። ምንም የለም። ግን ያችን ቦታ ረግጬ አላልፍም።

ከዚያ አንድ ገበሬ መርዶ ይዞ መጣ። ከእናትህ መንደር በታች ባለው መንገድ ላይ የወደቁትን ሰዎች የቀበሩት እነሱ ናቸው፤ ሳይታጠቡ፣ ሳይከፈኑ፣ በጥድፊያ። ከነዚያ አንደኛው ጆሮው ላይ የአናጢ እርሳስ የሰካ ነበር አለ። ሌላም ሰው መጥቶ ያንኑ መሰከረ። እኔ በሐይቅ ስንት አናጢ አለ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ የማይሰካውስ የትኛው ነው ብዬ ተሟገትኩ። ሼሁ ብዙ ታገሱኝ። በኋላ ግን ምስክሩ በቂ ነው፣ ሰላቱ ይሰገድለት፣ ሰደቃው ይውጣ፣ አንቺም ባሏ የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ኢዳ ተቀመጪ አሉኝ። ኢዳ ከተቀመጥኩማ ባል የለኝም ማለት ነው። ስለዚህ መላ ፈጠርኩ። ይመር ለልጁ የጀመረው ቤት ሳያልቅ ሰደቃው አይወጣም፤ እኔው እጨርሰዋለሁ፣ ያኔ እሺ እላለሁ አልኳቸው። ፈገግ አሉና በይ እንዳልሽ፣ የሰው ጅምር መጨረስም ኸይር ሥራ ነው አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ።

ምርጊት ለሴት አዲስ አይደለም። ከገበያ ስመለስ በቢላዋ ስንጥር ሰንጥቄ፣ ጭቃ አቡክቼ አንዱን ጎን አቆማለሁ። ሊደርቅ ሲል ፈርሶ አገኘዋለሁ። ጭቃው በጥፍር ተቧጥጦ፣ ማገሩ ተሰባብሮ፣ ክዳኑ ተገልብጦ። ሹሜ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አፉን ይልሳል። አንተ ሌባ፣ አንተ ቤት አፍራሽ እያልኩ በመጥረጊያ አባርረዋለሁ። ግን አንተን ምን እደብቅሃለሁ፤ ወድቆ ባገኘሁት ቁጥር ውስጤ እፎይ ይል ነበር። ምነው አላልቅ አለሽ ለሚለኝ ሰው ምን ላድርግ፣ ድመቱ እላለሁ። እኔ ስገነባ ሹሜ ሲያፈርስ ክረምት ሄዶ ክረምት መጣ፤ አንተም አልሞትክም።

እናትህ ከሁሉ ይልቅ ትጎተጉተኛለች። ኧረ በይ ልጄን አሳርፊው፣ እንዲህ ተንጠልጥሎ አይቅር ትለኛለች፣ ያውም በሰው ፊት። እኔም አፌ ላይ የመጣውን መልሼ እውጣለሁ። አንቺን ሊያመጣ ሄዶ ነው የቀረው፣ ደግሞ ለመቅበሩ ቸኮልሽ ማለት ነበር የሚያምረኝ። በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ጣውንት ነበር የምንተያየው።

ነገሩ የከፋው በሐያት መጣ። ትንሿ ቤት ወዳለችበት ክፍል አልገባም አለች። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ስትናገር ሰማኋት። አባ ምን አድርገንህ ነው፣ ለምን ታፈርስብናለህ፣ እኛ እኮ አልረሳንህም ትላለች። ሹሜ መግሪብ ላይ የሚያፈጥበትን እያየች፣ አባቷ ተቆጥቶ እየመጣ ቤቷን የሚያፈርስባት መስሏት ኖሯል። ድመቱ ነው ብላት አላመነችኝም። መልክህን እንኳ በደንብ ለማታስታውስ ልጅ ቁጡ ጅን ሆነህ ልትቀርባት ነው። እየሳቅህ የጀመርክላትን ቤት ስትፈራው ሳይ አንጀቴ ተቆረጠ። እኔ አንተን አቆየሁ ብዬ፣ ለሷ አባቷን እያጠፋሁባት ነበር።

የመጣው ይምጣ፣ እጨርሰዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ሹሜን በገመድ ከአልጋው እግር ጋር አሰርኩት። ሲጮህ ሰፈሩን በጠበጠው፤ ጨክኜ ገበያ ሄድኩ። ስመለስ ገመዱ ተፈትቷል፣ ግድግዳው ወድቋል። አልተበጠሰም እኮ፣ ተፈትቷል። ድመት ቋጠሮ ይፈታል እንዴ? ይመሬ፣ ለአፍታ እኔም ሐያት ያለችውን አመንኩ። ፍርስራሹን ስጠርግ ግን ከትንሿ ሳሎን ውስጥ የዓሣ ቅርፊት አገኘሁ። የቆሮሶ ቅርፊት ነው። እኛ ቤት ደግሞ ዓሣ ከገባ ሰንብቷል።

በሚቀጥለው ገበያ ዝናብ አባረረንና በጊዜ ተመለስኩ። በመስኮቱ አየኋት። እናትህ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከሐይቁ ዳር ከአሥጋሪዎቹ ለምና ያመጣችውን የዓሣ ጭንቅላት በትንሿ በር እየገፋች ታስገባለች። ሹሜ በሩ አልበቃው ብሎ ግድግዳውን ይቧጥጣል። እሷ ጀርባውን እያሻሸች ታባብለዋለች። ብላ የኔ ጌታ፣ አፍርሰው፣ ይሄ ቤት ያለቀ ቀን ልጄም ያልቅብኛል ትለዋለች።

ዝናቡ በሻሼ ላይ እየወረደ ደርቄ ቀረሁ። በሰው ፊት አሳርፊው የምትለኝ ሴት፣ እኔ በልቤ የምመኘውን እሷ በእጇ ስትሠራው ኖራለች። ያን ሁሉ ዓመት አፌ ላይ መጥቶ የዋጥኩት ቃል ደግሞ ለሷ አዲስ አልነበረም። እሷን ሊያመጣ ሄዶ መቅረትህን ከኔ በላይ ታውቀዋለች፤ ተኝታም ተነሥታም ከሱ ጋር ናት። ወየው እማዬ፣ እኔ ምን ነክቶኝ ነው አልኩ።

ገባሁ። አልጮህኩም፤ እሷንም ያስደነገጣት አለመጮሄ ነው። የዓሣውን ጭንቅላት ነጠላዋ ሥር ሸጎጠችው፤ ሹሜም ተከትሎ ነጠላዋ ውስጥ ገባ። ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነ። ደሴ ላይ ያላቀፍኳትን ያን ዕለት አቀፍኳት። ትንሽ ስንረጋጋ ሐያት የምትለውን ነገርኳት፤ አባቴ ነው የሚያፈርሰው ብላ ፈርታለች አልኳት። የእናትህ ፊት ጠቆረ። የኔ ልጅ የሰው ቤት ሲሠራ ኖረ እንጂ አፍርሶ አያውቅም አለች። ተነሥታ እጅጌዋን ሰበሰበች።

ለሐያትም ራሷ ነገረቻት። ሹሜን በዓሣ እያባበልኩ ያስፈረስኩት እኔ አያትሽ ነኝ፣ አባትሽ እጁ የለበትም አለቻት። ልጅህ ያንተው ናትና አላመነችም፤ አሳዪኝ አለች። እናትህ ዓሣውን አስገባች፤ ሹሜም አላሳፈራትም፤ እኔ ያቆምኩትን ግድግዳ እፊታችን ድርምስ አደረገው። ሐያት ከት ብላ ሳቀች። ያን ሳቅ ብትሰማው! ከዚያ ሦስታችን ሆነን አቦካን፣ መረግን። አንተ የመረግከው ብቻ ሳይነካ ቆይቷል፤ እናትህ ዓሣውን ሁልጊዜ ከሱ ራቅ አድርጋ ነበር የምታስቀምጠው። ሐያት አውራ ጣቷን አሻራህ ውስጥ አስገባችና ሰፋኝ አለች። ታድጊበታለሽ አለቻት እናትህ።

ክዳኑ የተመታ ቀን ለሼሁ ላክን። ጁምዓ መስጊዱ በሩቅ ለተቀበረ የሚሰገደውን ሰላት ሰገደልህ። ቤታችን ሰው ሞላ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም እንጨት ሲፈልጡ፣ ውኃ ሲቀዱ ዋሉ። ዱዓው ላይ ሼሁ ወደ እናትህ ዞረው ስሙን እናቱ ትጥራው አሉ። በሩቅ ያለን ሰው ስም ስንጠራ አላህ በሰላም ያምጣው እንላለን፤ እሷም ስምህን በጠራች ቁጥር ስትል የኖረችው ይህንኑ ነው። ልጄ ይመር አለችና ቆመች። አፏ የለመደውን ሊል ሲንቀሳቀስ አየሁት። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ጠበቃት፤ ማንም አላጣደፋትም። አላህ ይርሐመው አለች፤ ለሞተ ሰው የሚባለውን። ከሰው ሁሉ ቀድሜ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ኢዳዬን ተቀምጫለሁ። እናትህ ስትወጣ ስትገባ ልጄ ትለኛለች። ሐያት ስለአንተ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ማፏጨትህን፣ ቀልድህን፣ ስትቆጣ እንኳ ጆሮህን እያከክ መሆኑን ሁሉ እነግራታለሁ። የተቀበርክባትን ስንዝር መሬት ለይቼ አላውቃትም፤ ስምህን ግን አውቃለሁ። እኔ እያለሁ ይህ ስም በዚህ ቤት ሳይጠራ የሚመሽ ቀን አይኖርም፤ ቃሌ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ጁምዓ ለት አሚን አልኩ እንጂ ያን ቃል በራሴ አፍ አላልኩትም። ሞክሬም አልወጣ ብሎኝ ነበር። ወረቀት ያነሣሁት በእጄ ብጽፈው አፌ ይከተል ይሆናል ብዬ ነው።

ይመሬ፣ አላህ ይርሐምህ።

ፋጤህ