በጥቁር ቀሚስ የከረመው መስታወት

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም «ደህና ነኝ» እያልሽ ትሸነግይኛለሽ? ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቶ የሚውለው ዓይንሽስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ስለሚነግረኝ አልጠላሁትም።

ደብዳቤሽን ለብቻዬ አነበብኩት። ያለ አስተማሪ ፊደል የለየ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ደግሞ ብዙ ይጠረጥራል። «አዮን» ያልሽውን ከአሮጌው የሳይንስ መጽሐፍሽ ፈልጌ አገኘሁት። እንደገባኝ፣ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ እንዲያወጣ መስታወቱ ላይ በቀባችሁት ፔሮቭስካይት በሚባለው ነገር ውስጥ እነዚህ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች ፀሐይ ሲያገኛቸው ከቦታቸው ይሸሻሉ፤ ሲጨልም አብዛኞቹ ይመለሳሉ። በማይክሮስኮፕ ስር ሰማያዊ ብርሃን ስታበሩበት መስታወቱ ቀይ ሆኖ ይፈካል፤ ቅንጣቶቹ የተረበሹበት ቦታ ግን ይደበዝዛል።

ሌላ ቦታ ፀሐይ ላይ የከረሙት መስታወቶች ሁሉ በማይክሮስኮፕ ስር ጠርዛቸው ሲጠቁር፣ ከእኛ ግቢ መልሼ የላክሁልሽ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ፈካ አልሽኝ። አስተማሪሽ «የአገርሽ አየር መድኃኒት ነው» ብሎ ጉባኤ ፊት እንድታቀርቢው አዘዘሽ። አብራሽ የምትሠራው ልጅ ግን «በሌላ ቀይረሽው ይሆናል» አለችሽ፤ አንቺም አለቀስሽ። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ።

ወዲያው የጠረጠርኩት የጓሮ ክፍሉን የተከራየውን ሰዓት ሠሪ ነው። መጥተሽ መስታወቱን ግንቡ ላይ ካሰርሽው ጀምሮ ዓይኑ ከእሱ አልተነቀለም። ከመስታወቱ በሚወጣው ሽቦ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል በጠፋች ቁጥር «እማማ፣ የልጅዎ ፀሐይ ዛሬም ጠለቀች?» ይለኛል። ምን አገባው? በዚያ ላይ አንድ ዓይኑ ላይ የሚሰካው ማጉያ፣ መርፌ የሚያህለው መፍቻ! እንዲህ ያለ እጅ መስታወት መቀየር ያቅተዋል?

ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «እማማ፣ ቀን ሙሉ በጥቁር ቀሚስ የተሸፈነ ዕቃ ምን ይጠቅመኛል? እኔስ ከቀሚሱ ሥር እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ያለችዎት መስሎኝ እንዳትደነግጥ መዶሻዬን በቀስታ ነበር የማነሣው» አለኝ።

ቤቴ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ልጄ፣ እውነቱን ነው። ከቤት በወጣሁ ቁጥር፣ የእሱ በር ሲጥ ባለ ቁጥር፣ በሐዘን ቀሚሴ እሸፍነው ነበር። «አትንኪው» አልሽኝ እንጂ «አትሸፍኚው» አላልሽኝም። ለምን እንደምፈራም ታውቂያለሽ፤ በሩን ሳልቆልፍ በወጣሁበት ቀን የአባትሽ የአናጺነት ዕቃ ሙልጭ ብሎ ሄደ፤ እሱም እስኪሞት ድረስ በዚያ ነገር አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ያዳነው አየራችን አይደለም፤ ጨለማው ነው። ያ መስታወት ፀሐይ አልጠገበም። አስተማሪሽ ቢቆጣ ይቆጣ። ጉባኤ ፊት ቆመሽ መልስ ከሚጠፋሽ፣ ዛሬ በእኔ ቢስቁ ይሻላል። ደግሞስ እሱ እንዲህ የቸኮለው ለማን ስም ነው? ለአንቺ ነው ወይስ ለራሱ? ነገሩን አስተውዪው፤ የሚጣደፍ ሰው አላምንም።

ሰዓት ሠሪውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። የጓሮውን በር ግን አሁንም ሁለቴ ነው የምቆልፈው።

አክስትሽ ጉንጭሽን ትስምሻለች፤ ወንድምሽም ናፍቃኛለች በያት ብሏል፣ አፍ አውጥቶ ባይነግርሽም። አከራይሽን ለሳልሽ ስላፈሉልሽ ሾርባ አመስግኚልኝ። አብራሽ የምታድረውንም ልጅ ሰላም በያት። ያቺን የጠረጠረችሽን ደግሞ ከሁሉም አስበልጠሽ ሰላም በይልኝ፤ አትቀየሚያት። ይህን ደብዳቤም ከአስተማሪሽ በፊት ለእሷ አሳዪያት።

እናትሽ
ከቤትሽ፣ ኅዳር 14 ቀን