ውበቴ የማን ልጅ ነበረች

ለእኅቴ ለእትዬ ስርጉት፣ ድሬዳዋ

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ በሙቀቱ ተሻለው? የጋሽ ስጦታው ደም ግፊት እንዴት ሆነ? ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ቢቸና ብርዱ በርትቷል፣ ጤፉም ገና አልታጨደም። ስደውልልሽ “የሞተ ሰው አትቆፍር” ብለሽ ስለዘጋሽብኝ በወረቀት መጣሁ።

የልጅሽ የሊድያና የእዮብ ሠርግ የቆመው የቢቸና ሽማግሌዎች ዘር ቆጥረው “ሰባት ቤት አልሞላም” ስላሉ ነው። አያታችንን ሰማውን የወለደችው ውበቴ የሞጣው የወልደ ኪዳን ልጅ ናት ይላሉ፤ እዮብም የሚወለደው ከወልደ ኪዳን ነው። ሽማግሌዎቹን አልነቅፍም፤ የተነገራቸውን ነው የቆጠሩት። እኔ የጠየቅሁት ማን ነገራቸው ብዬ ነው።

የነገራቸው አያታችን ነው። ያን ጊዜ የርስት መሬት የሚገኘው በዘር ስለነበር፣ በ1946 ከወልደ ኪዳን ልጆች ጋር ተሟግቶ በእናቱ በኩል ድርሻ ጠየቀ። የፍርዱን ግልባጭ ከአባባ ሣጥን አውጥቼ አነበብሁት። አያታችን “እናቴ ወይዘሮ ውበቴ ወልደ ኪዳን” ይላል፤ ተከሳሾቹ “ውበቴ የምትባለው ገረዳችን ነበረች” ብለው መልሰዋል። ምስክር አቁሞ፣ ምሎ ረታ። መሬቱ በ67ቱ አዋጅ ሄደ፤ መሐላው እኛ ዘንድ ቀረ።

የቤተ ክርስቲያኑን የሙታን መዝገብም አየሁ። እዚያ ሰው የሚጻፈው በክርስትና ስሙ ስለሆነ ውበቴን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ያገኘሁት “ወለተ ጊዮርጊስ፣ የሰማው እናት” የሚል ነው። ከአጠገቧ ያሉት ሁሉ የአባት ስም አላቸው፤ እሷ የላትም።

ስለዚህ ሞጣ ሄድሁ። የእዮብ አባት አክስት እማሆይ ይርጋነሽ ዘጠና አልፏቸዋል፤ የደከመው ጆሯቸው እንጂ ልባቸው አይደለም። የሰማው የልጅ ልጅ ነኝ ስላቸው “መሬቱን ልትወስድ ከሆነ ዘግይተሃል” ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ እንደነገሩኝ፣ ውበቴ በክፉ ቀን ከግንደወይን በኩል የመጣች ልጅ ናት፤ በእነሱ ቤት እህል ስትፈጭ አድጋ አንድ የቢቸና ነጋዴ አግብቶ ወሰዳት። ካረጀች በኋላም ልትጠይቃቸው ስትመጣ “እልፍኝ ግቢ” ብትባል እሺ አትልም፣ ከጓዳ ትቀመጥ ነበር። “ደግ ሴት ነበረች። ልጇ ግን ወይዘሮ ሊያሰኛት ብሎ አባቷን ነጠቃት” አሉኝ። የአባቷን ስም ጠየቅኋቸው። አያውቁትም።

ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አላችሁ ብላቸው “የምናገባትን ልጅ የአያቷን አያት ገረድ ብለን እንናገር? ነውር አይደለም?” አሉ። እንግዲህ የሞጣ ሰዎች እያወቁ ነው ልጅሽን የጠየቁት። ሳያውቅ ሲኮራ የኖረው የእኛ ቤት ብቻ ነው።

ሊድያና እዮብ ዘመድ አይደሉም። ሽማግሌዎቹ ግን ይህን ከእኔ አልቀበል ብለዋል፤ “እናቷ ታላቅ ናት፣ ከእሷ አፍ እንስማ” ነው የሚሉት። አንቺ ደግሞ ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት “ልጄን የገረድ ዘር ላስብላት?” ብለሽኛል። አዎ፣ አስብያት። ውበቴ የፈጨችው ዱቄት አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በአያታችን የሐሰት መሐላ የልጅ ትዳር ማፍረስ ነው። ሠርጉ የተቆረጠው ለጥር ነበር፤ መጥተሽ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቁሚና ተናገሪ። እኔ ከጎንሽ እቆማለሁ፤ በአንቺ ፈንታ ግን አልናገርም።

ጋሽ ስጦታውን ጨው ይቀንስ በይልኝ። ትንሿን ማርያማዊትን ሳሚልኝ፣ በትምህርቷ ትበርታ። ጎረቤትሽን ወይዘሮ ማናለሽን እንዴት ናቸው በይልኝ። ለሊድያ በአንቺ በኩል ሰላምታ አልልክም፤ ትናንት ራሴ ደውዬ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። እሷም “ታዲያ እማዬ የምትፈራው ምኑን ነው?” አለችኝ። መልሱን ከእናትሽ ስሚ ብያታለሁ።

ወንድምሽ ቀለሙ
ቢቸና፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.