ክላይድ የወሰዳት ሰላምታ

ሃርሎ ክሪክ፣ ዊስኮንሲን
ሜይ 3 ቀን 2019

ብሪታዬ፣ የልጄ ልጅ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ፈተናሽን መጨረስሽን እናትሽ ነግራናለች፤ እንቅልፍ መጥገብሽን ግን አልነገረችንም። እኛ ደህና ነን። አያትሽ ጁዲት ውርጩ ገና ሳይለቅ የቲማቲም ችግኟን ደጅ ካላወጣሁ ትላለች፣ እኔ አይሆንም እላለሁ፣ በየጠዋቱ እንጨቃጨቃለን። የመጨረሻው በረዶ ከመንገዱ ዳር የጠፋው ባለፈው ሳምንት ነው። ጉልበቴ ዛሬ ዝናብ አለ ብሎኛል፤ ከሬዲዮው ይልቅ እሱን አምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። መጀመሪያ ምንም እንዳልተሰማኝ አስመሰልኩ። ቀጥሎ ተቆጣሁ። ሦስተኛው ደግሞ እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ስለ ጤና መድን ሆኖ ቁጭ አለ። አሁን ግን ሳልዞር ልንገርሽ፦ ቀንቻለሁ። በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ሦስት የልጅ ልጅ አይቼ፣ በእናትሽ አባት በክላይድ ቀንቻለሁ።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ከአንቺ አለመስማቴ ነው። ከወር በፊት አንድ ዓርብ ለእራት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አዳራሽ ሄድን፤ የተጠበሰ ዓሣ ባለበት ቀን ከተማው ሁሉ እዚያ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሳህኔን ይዤ ሳልቀመጥ ክላይድ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ተጣራ።

«ኦርቪል! ና እስቲ ወዲህ! ሰምተሃል ወይስ ላሰማህ?»

«ምኑን?»

«ልጅቷ እኔን መረጠችኝ! የመጀመሪያዋን ሰላምታ የምሰጣት እኔ ነኝ። ትናንት ራሷ ደውላ ነገረችኝ።»

አዲስ መኮንን ማዕረጉ በተለጠፈለት ቀን የመጀመሪያውን ወታደራዊ ሰላምታ የሚሰጠውን የበታች ሹም ራሱ ይመርጣል፤ ሰላምታውን ሲቀበልም ከብር የተሠራች አንድ ዶላር በእጁ ያስጨብጠዋል። ይህን ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ማስረዳት የምፈልገው እኔ ያቺን ቀን አንቺ ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ ጀምሮ ስጠብቅ እንደነበር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አገልግዬ በሻምበል ባሻነት ጡረታ ወጣሁ። ዩኒፎርሜን ባለፈው መኸር ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ወገቡን አስፍቼዋለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን አስፍቼ ጨርሻለሁ።

«እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ሳህኔን ይዤ ወደ ወንበሬ ዞርኩ።

«ኦርቪልማ ሰላምታውን የሚሰጠው በጋዜጣ ነው!» አለ አንዱ ከጀርባዬ፤ ለከተማው ጋዜጣ አስተያየት እንደምጽፍ የማያውቅ የለም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።

በክላይድ መቅናት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ሕፃን ሳለሽ በእርሻው ከላሞቹ ጋር ስትውይ፣ ዓሣ ማጥመድ ሲያስተምርሽ፣ «አያቴ ክላይድ እንዲህ አለ» እያልሽ ስትመጪ ሁሉ ቀንቻለሁ። የእኔ ጋራዥ ውስጥ ከዘይት ሽታ በቀር ምን አለ? ግን ለራሴ «ቆይ፣ ውትድርና ከገባች ግን የእኔ ናት» እል ነበር። እሱ በባሕር ወለድ ጦር ያገለገለው አራት ዓመት ብቻ ነው። አራት! እርግጥ ከአራቱ ቬትናም ያሳለፈው ብቻ የእኔን ሃያ ሁለት ይመዝናል፤ ይህን ደግሞ ስጽፈው አፍራለሁ።

በሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ክላይድ ጋራዥ ድረስ መጣ። ባርኔጣውን በግራ እጁ አውልቆ ቆመ።

«ሳቅብኝ እንጂ አትዘንልኝ» አለኝ። «ይኸው እይ።»

ቀኝ እጁን ለማንሳት ሞከረ። እምብርቱ ጋ ደርሶ ቆመ። የካቲት ላይ «ትንሽ ራሴን አዞረኝ» ብሎ የነገራችሁ ስትሮክ ኖሯል። ለአንቺም ለእናትሽም እንዳልናገር አስምሎኛል። መሐላዬን የማፈርሰው በምክንያት ነው፣ ከታች ታገኚዋለሽ።

«ዶክተሩ ምን አለ?» አልኩት።

«በርታ አለ። እሱማ ምን ቸገረው! ኦርቪል፣ አልችልም። ደውልላትና አንተ ሁን። ደግሞም መጀመሪያውኑ አንተን መጠየቅ ፈርታ ነው እኔ ጋ የመጣችው።»

«ምን አድርጌያት ነው የምትፈራኝ?»

«ጻፍካ! ‘ለዋሽንግተን አንድም የልጅ ልጅ አልሰጥም’ ብለህ በጋዜጣ! ልጅቷ ዩኒፎርም ለብሳ ያንን አንብባ ምን ትበል? ና ሰላምታ ስጠኝ ትበልህ?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሏል፤ ከጋዜጣ የወጣስ? ብሪታ፣ ያንን የጻፍኩት ስለ አንቺ አልነበረም። የተቆጣሁት በሚልኩት ላይ እንጂ በሚሄዱት ላይ አይደለም። የዋሽንግተኑ ምክር ቤት እጁን አውጥቶ ጦርነቱን ሳይወስን፣ የራሳቸው ልጆች ጫማ አቧራ ሳይነካው፣ የገበሬና የመካኒክ ልጅ ወደ በረሃ የሚጭኑትን ነው የተናገርኩት። እኔ በዘጠና አንዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በረሃው ላይ ነበርኩ፤ ለምን እንደሄድን የነገሩን ከተመለስን በኋላ ነው። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እጽፋለሁ። ግን «ብሪታ የምትባል ልጅ አለችኝ፣ እኮራባታለሁ» የሚል አንድ መስመር ብጨምር ጋዜጣው ቦታ አልነበረውም? ነበረው። እኔ ነኝ ያላሰብኩት።

ክላይድ ከሄደ በኋላ ስልኩን አነሳሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኛል። በሰው በሽታ፣ ያውም ሠላሳ ዓመት ካርታ አብሮኝ በተጫወተ ሰው በሽታ ደስ አለኝ። ጁዲት ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ፊቴን አየችው።

«ለብሪታ ነው?»

«አዎ።»

«ደውል። ግን ደስ እያለህ አትደውል» አለችና ወደ ችግኞቿ ሄደች።

ስልኩን አስቀመጥኩት። ደስታው እስኪወጣልኝ አንድ ቀን ሙሉ ጠበቅሁ፣ አልወጣ አለ። በነጋታው ለክላይድ ደወልኩና «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋራዥ ና፣ ካረፈድክ በሩን እዘጋለሁ» አልኩት።

የሞተር ማንሻውን ሰንሰለት ከጣሪያው ላይ አውርጄ በምትኩ ገመድ አሳለፍኩ፤ አንዱን ጫፍ በቀኝ እጁ አንጓ አሰርኩት፣ ሌላውን በግራው ይጎትታል። መካኒክ ነኝና ሌላ መላ አላውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ገመዱን ሲፈታ እጁ ዱብ ይላል። ተስፋ ቆርጠን ነበር። አንድ ጠዋት ግን እንደ ልማዳችን ተጣላን።

«መንግሥት የሰጠህን ክኒን እየዋጥክ የመንግሥት ሕክምና ትረግማለህ» አልኩት። «ለእኔና ለአንተ የሆነው ሕክምና ዓርብ ዓርብ ዓሣ ለምታቀርብልን ልጅ ቢሆን ምን ይጎድልብሃል?»

«እኛ ደም ከፍለንበታል! እሷ ምን ከፈለች?» ብሎ ጣቱን ሊቀስርብኝ ሲል፣ ልጄ፣ ቀኝ እጁ ያለ ገመድ ደረቱ ድረስ ወጣ!

ሁለታችንም እጁን አየነው።

«ቀጥል» አለኝ። «ሌላ ስደበኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሕክምናው የእኔ አስተያየት ሆነ። «የዚህ አገር ላም ሁሉ የሚታለበው በሜክሲኮ ልጆች እጅ ነው። ነገ ብታባርራቸው ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ተነስተህ አንተ ታልባለህ?» ስለው «ሕግ ይከበር ነው ያልኩት! ሕግ!» እያለ እጁ እስከ አገጩ ይወጣል። «ለውሻህ ፈቃድ ታወጣለህ፣ ለጠመንጃህ ሲሉህ ታለቅሳለህ» ስለው እስከ ጆሮው። «ጠመንጃዬን ተዋት! አንተ የጋዜጣ ጀግና!» ሲል ጎረቤቶቹ የተደባደብን መስሏቸው መጥተዋል። ስለ ሠራተኛ ማኅበርና ስለ ሀብታም ግብር ያዘጋጀሁትን ሁሉ ጨረስኩ። በሕይወቴ አስተያየቴ ለአንድ ሰው የጠቀመው ይኸው ነው መሰለኝ።

አንድ ቀን ግን ስለ ቬትናም ጀመርኩ፣ ምክር ቤቱ እንዴት እንደተታለለ። እጁን አላነሳም። ባልዲው ላይ ቁጭ አለ።

«ኦርቪል፣ አንተ ምክር ቤቱ ተሳሳተ ስትል እኔ የምሰማው ጓደኞችህ በከንቱ ሞቱ የሚል ነው። ልክ ልትሆን ትችላለህ። ግን እኔ ፊት አትበለው።»

መጥረጊያ አንስቼ የተጠረገውን ወለል ጠረግሁ።

ባለፈው ረቡዕ «አሁን ሙሉውን እንሞክር፣ እኔ ብሪታ ልሁን» አልኩት። የጁዲትን የአትክልት ባርኔጣ ደፍቼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ብሪታ እንዲህ አስቀያሚ አይደለችም» አለ።

«ለምክትል የመቶ አለቃ እንዲህ ነው የሚነገረው? ሰላምታ!»

ተረከዙን ገጠመ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ፣ ደረቱን፣ አገጩን አለፈ፣ ቅንድቡ ላይ አረፈ። ያለ ስድብ። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ መኮንኑ ካልመለሰ የበታቹ እጁን አያወርድም። እኔ አልመለስኩም።

ረስቼ አይደለም። በውስጤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ። አራት ላይ ክርኑ መውረድ ጀመረ፣ መልሶ አነሳው። አምስት። ላቡ ጆሮው ሥር ወረደ። ስድስት። እንዲወድቅ ፈልጌ ነበር፣ ብሪታ። «ይኸው አልቻለም» ብዬ ልደውልልሽ ፈልጌ ነበር። እሱ ግን እኔን አያይም ነበር፤ በባርኔጣው ስር የሚያየው አንቺን ነው። ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ልጽፍልሽ አልችልም፤ የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ፣ በማዕረግሽ ቀን፣ ራስሽ ታዪዋለሽ። እጁ አልወደቀም። መለስኩለት። ለበታች ሹም ሰላምታ አይሰጥምና በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ማንም ሰላምታ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ የተሰጠችኝን አንዷን ያስተናገድኩት እንዲህ አድርጌ ነው።

ክላይድ እጁን አወረደ። የገባው ይመስለኛል። እጁን እያሻሸ «ነገም ሁለት ሰዓት?» ብቻ አለኝ።

እንግዲህ መሐላዬን ያፈረስኩት ለዚህ ነው። ቅዳሜ እኔና ጁዲት እንመጣለን፤ በሦስተኛው ረድፍ ከአባትሽ አጠገብ አስቀምጠውናል። ያሰፋሁትን ዩኒፎርም አልለብስም፣ ያ የክላይድ ቀን ነው። ቅናቴ ግን አብሮኝ ይመጣል፤ ቤት ጥዬው ለመምጣት ሞክሬ አልሆነልኝም። መርጠሽኝ ቢሆን ኖሮ ስል እውላለሁ፣ ስል አድራለሁ። ደግሞም ልክ የሆነውን ሰው መርጠሻል።

የምታዢያቸውን ልጆች ሁሉ ቆጥረሽ ወስደሽ፣ ቆጥረሽ ለእናቶቻቸው የምትመልሺ ያድርግሽ። ትከሻሽ ላይ የሚለጠፈው ከልብሽ አይክበድብሽ። ያለ ውሳኔ ወደሚልኩበት ቦታ እግርሽን አያድርሰው፤ ካደረሰውም በእግርሽ ይመልስሽ።

አሁን አጥብቀሽ ስሚኝ። ያቺን ደቂቃ ማስረዘም ያምርሻል፤ ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል፣ አንቺም ታለቅሻለሽ። አታስረዝሚው። የክላይድ ጣት ቅንድቡን እንደነካ ወዲያው መልሺለት። እጁ የሚቆየው አራት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በላይ ያቆየሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አታድርጊው። እና የኔ ልጅ፣ ዓይንሽ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ከሄደ ትዘገዪበታለሽ። ወደ እኔ አትመልከቺ።

የአባትሽ አባት፣
ኦርቪል